የእጅ ሰዓት የሚቆጥረው የልብ ምት እስከ ምን ድረስ ይታመናል?

በአንድ የተመላላሽ ሕክምና ክፍል ለክትትል በመጣች የ31 ዓመት ሴት ካርድ ላይ፣ የልብ ምት በሚለው ቦታ «84» ተብሎ ተጽፎ አገኘሁ። ሕመምተኛዋ በልጅነቷ በያዛት የሩማቲክ የልብ ሕመም ምክንያት የማይትራል ቫልቯ የጠበበ፣ ከጥቂት ዓመታት ወዲህም የልቧ አመታት ወደ ኤትሪያል ፊብሪሌሽን የተለወጠ ናት። ዳገት ስትወጣ ትንፋሽ እንደሚያጥራት፣ ሌሊትም ትራስ ካልተደራረበላት መተኛት እንደማትችል ነገረችኝ። ይህ ቅሬታ 84 ከሚለው ቁጥር ጋር አልገጥም ስላለኝ ማዳመጫውን በልቧ ጫፍ ላይ አድርጌ አንድ ሙሉ ደቂቃ ቆጠርሁ፤ 126 ሆነ። ቁጥሩ ከየት እንደመጣ ብጠይቅ፣ እጅጌዋን ሰብሰብ አድርጋ ውጭ አገር የምትኖር እህቷ የላከችላትን ዘመናዊ የእጅ ሰዓት አሳየችኝ። «ዶክተር፣ ሰዓቱ እኮ ደህና ነሽ ነው የሚለኝ» አለች። የዕለቱ ሰልፍ ረጅም ስለነበር ተረኛዋ ሲስተርም በሰዓቱ ላይ ያየችውን ቁጥር መዝግባ ኖሯል።

ይህን የማነሣው ባልደረባችንን ለመውቀስ አይደለም። ሰዓቱም ቢሆን አልተበላሸም ነበር። በዕለቱ በሕመምተኛዋ የእጅ አንጓ ላይ የደረሰው የደም ሞገድ በደቂቃ በግምት ሰማንያ አራት ነበርና ሰዓቱ እርሱኑ ቆጥሯል። እኛ ማወቅ የፈለግነው ግን ልቧ ስንት ጊዜ እንደመታ ነበር። በጤነኛ ሰው ዘንድ ሁለቱ ቁጥሮች አንድ ስለሆኑ ልዩነታቸውን እንረሳዋለን፤ በታመመው ሰው ዘንድ ግን ሊራራቁ ይችላሉ። እነዚህ ሰዓቶች በከተሞቻችን እየበዙ በመምጣታቸውና ሕመምተኞችም የስልካቸውን ሥዕላዊ መግለጫ ይዘው ወደ ምርመራ ክፍል መግባት በመጀመራቸው፣ ቁጥሩ እንዴት እንደሚገኝና መቼ እንደሚያሳስት የጤና ባለሙያው ቢያውቀው ይጠቅማል በሚል ይህ ጽሑፍ ተዘጋጅቷል።

ሰዓቱ የሚለካው ምንድን ነው?

አሠራሩ አዲስ አይደለም። አልሪክ ኸርትዝማን የተባለ አሜሪካዊ የፊዚዮሎጂ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1937 እና በ1938 ባሳተማቸው ሥራዎች፣ ብርሃን በቆዳ ላይ በማብራት ከቆዳ ሥር የሚያልፈውን የደም መጠን መከታተል እንደሚቻል አሳይቷል። ዘዴው ፎቶፕሌቲስሞግራፊ ይባላል። በቀዶ ሕክምና ክፍልና በጽኑ ሕሙማን ክፍል በጣት ላይ የምናጠልቀው የኦክስጅን መለኪያም በዚሁ መሠረተ ሐሳብ ይሠራል። ልዩነቱ የጣቱ መሣሪያ ቀይና ኢንፍራሬድ ብርሃንን በጣት ውስጥ አሳልፎ በወዲያኛው ወገን ሲቀበል፣ የእጅ አንጓ ግን ብርሃን ለማሳለፍ የወፈረ ስለሆነ ሰዓቱ ከቆዳው ተመልሶ የሚመጣውን ብርሃን ለመለካት መገደዱ ነው።

ሰዓቱን ከእጅ ላይ አውልቆ በግልባጩ ያየ ሰው በፍጥነት ብልጭ ድርግም የሚሉ አረንጓዴ መብራቶችን ያስተውላል። አረንጓዴ ብርሃን የተመረጠው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ ሂሞግሎቢን አረንጓዴ ብርሃንን አብዝቶ ይመጥጣል፤ ሁለተኛ፣ አረንጓዴ ብርሃን ከቆዳ ሥር እምብዛም ጠልቆ ስለማይገባ በጡንቻና በጅማት እንቅስቃሴ የሚረበሸው በመጠኑ ነው። ልብ ተኮማትሮ ደም ሲረጭ በአንጓው ቆዳ ሥር ያሉት ቀጫጭን የደም ሥሮች ይሞላሉ፤ የሚመጠጠው ብርሃን ይጨምራል፤ ተመልሶ ወደ ሴንሰሩ የሚመጣው ደግሞ ይቀንሳል። ልብ ሲላላ ነገሩ ይገለበጣል። ሴንሰሩ ይህን መዋዠቅ ይቀበላል።

እዚህ ላይ ሊዘነጋ የማይገባው የመዋዠቁ ትንሽነት ነው። ተመልሶ ከሚመጣው ብርሃን ውስጥ ከልብ ምት ጋር የሚለዋወጠው ጥቂት በመቶ፣ ብዙ ጊዜም ከዚያ ያነሰ ነው። ቀሪው ከቆዳ፣ ከስብ፣ ከአጥንትና ከደም መልስ ሥሮች ተንጸባርቆ የሚመጣ የማይለዋወጥ ብርሃን ነው። እጅ ሲወዛወዝ ወይም ሰዓቱ በቆዳው ላይ ሲንሸራተት የሚፈጠረው ለውጥ ልብ ከሚፈጥረው ለውጥ በብዙ እጥፍ ሊበልጥ ይችላል። ስለሆነም አምራቾች እንቅስቃሴን የሚለይ ሌላ ሴንሰር በሰዓቱ ውስጥ ይጨምራሉ፤ የስሌት ቀመሩም የእንቅስቃሴውን ሞገድ ከብርሃኑ ሞገድ ላይ ቀንሶ፣ የቀረውን እየፈተሸ፣ ተደጋግሞ የሚመጣ ምት ይፈልጋል። ያገኘውንም በጥቂት ሴኮንዶች አማካይ አስልቶ በመስታወቱ ላይ ያወጣል። የሚነበበው ቁጥር እንግዲህ እያንዳንዱ ምት ተቆጥሮ የተገኘ ድምር አይደለም፤ በስሌት የተደረሰበት ግምት ነው። ቀመሩ ተደጋጋሚ ምት እንዲፈልግ የታዘዘ በመሆኑ አንዳንድ ጊዜ በሌለበትም ያገኛል። ርካሽ ሰዓቶች በተጠቀለለ ለስላሳ ወረቀት ላይ ታስረው ሳለ የልብ ምት ቁጥር ሲያወጡ የታዩት በዚህ ምክንያት ነው።

ከሰዓቱ ወደ ስልኩ ሲተላለፍ ደግሞ ሌላ እጅ ይገባበታል። ሰዓቱ ባትሪ ለመቆጠብ ሲል በዕረፍት ጊዜ የሚለካው በየጥቂት ደቂቃው ነው። የስልኩ ፕሮግራም እነዚህን ነጠላ ነጠላ ልኬቶች አገናኝቶ ለዓይን የሚስብ መስመር ይሥላል። ሕመምተኛው «ቀኑን ሙሉ አልጨመረም» ብሎ የሚያሳየን መስመር በሁለት ልኬቶች መካከል ለሦስት ደቂቃ መጥቶ የሄደውን ፈጣን ምት ላያሳይ ይችላል።

ዕረፍት ላይ ያለ ሰውና የሚንቀሳቀስ ሰው

ለሰዓቶቹ ሊሰጥ የሚገባውን ምስጋና መንፈግ ተገቢ አይሆንም። ሰውየው ጤነኛ፣ ምቱ የተስተካከለ፣ እጁ የሞቀና ያረፈ ከሆነ በታወቁ አምራቾች የተሠሩት ሰዓቶች ከኢ.ሲ.ጂ. ብዙም የማይርቅ ቁጥር ይሰጣሉ። በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ 60 በጎ ፈቃደኞች ተሳትፈውበት እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት ሰባት ዓይነት በእጅ የሚታሰሩ መሣሪያዎችን መርምሮ፣ ስድስቱ የልብ ምትን ሲለኩ መካከለኛ ስሕተታቸው ከ5 በመቶ በታች መሆኑን አግኝቷል። በዚሁ ጥናት የተቃጠለውን ካሎሪ በ20 በመቶ ስሕተት ውስጥ እንኳ መገመት የቻለ አንድም መሣሪያ አልተገኘም። ክብደት ለመቀነስ የሚጥሩና የስኳር ሕመም ያለባቸው ሰዎች የሰዓቱን የካሎሪ ቁጥር ይዘው ሲመጡ ይህን ማስታወስ ይበጃል።

ይሁንና «መካከለኛ ስሕተት» የሚለው አነጋገር ራሱ ጥንቃቄ ይሻል። ክሊቭላንድ ክሊኒክ 50 ጤነኛ ጎልማሶችን በመሮጫ ማሽን ላይ አስወጥቶ ያደረገው ጥናት፣ ይህም እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ፣ ነገሩን ግልጽ ያደርገዋል። በደረት ላይ የሚታሰረውና የልብን ኤሌክትሪክ የሚቀበለው ቀበቶ ከኢ.ሲ.ጂ. ጋር የነበረው የስምምነት መለኪያ 0.99 ሲሆን (1 ሙሉ ስምምነት ማለት ነው)፣ በእጅ የሚታሰሩት አራቱ መሣሪያዎች ግን ከ0.83 እስከ 0.91 ባለው ውስጥ ነበሩ። ከአራቱ የተሻሉት ሁለቱ እንኳ ከኢ.ሲ.ጂ. ጋር የነበራቸው ልዩነት 95 በመቶ በሚሆኑት ልኬቶች በ27 ምት ከማነስ እስከ በ29 ምት መብለጥ ድረስ ይዘረጋ ነበር። የሚያንሱትና የሚበልጡት ስሕተቶች ሲደመሩ እየተጣፉ አማካዩ መልካም ይመስላል። እኛ ግን የምናክመው አማካዩን ሳይሆን ከፊታችን የተቀመጠውን አንድ ሰው ነው። በሆስፒታል ለሚሠራባቸው የልብ ምት መከታተያ መሣሪያዎች የተለመደው መስፈርት ስሕተቱ ከ10 በመቶ ወይም ከ5 ምት፣ ከሁለቱ ከሚበልጠው፣ እንዳያልፍ ነው። ከዚህ አንጻር ሲታይ የ27 ምት ልዩነት ምን ያህል ሰፊ እንደሆነ መገመት አያስቸግርም።

በእንቅስቃሴ ጊዜ ከሚፈጠሩት ስሕተቶች አንዱ በተለይ ሊታወቅ ይገባዋል። ሰው ሲራመድ እጁ እንደ ልብ ምት ሁሉ በወጥ ድግግሞሽ ይወዛወዛል። የእርምጃው ብዛትና የልቡ ምት ሲቀራረቡ የስሌት ቀመሩ ሁለቱን መለየት ተስኖት እርምጃውን እንደ ልብ ምት ይቆጥራል። ከልብ ድካም በኋላ ሜቶፕሮሎል እየወሰደ እንዲራመድ የታዘዘ አንድ ሕመምተኛ በደቂቃ 110 እርምጃ ቢራመድ፣ ትክክለኛው የልብ ምቱ 82 ሆኖ ሳለ ሰዓቱ 110 ሊልበት ይችላል። እርሱም መድኃኒቱ አልሠራልኝም ብሎ ይሰጋል፤ ወይም መራመዱን ይተዋል። ቆሞ እጁን አሳርፎ ግማሽ ደቂቃ ቢጠብቅና ቁጥሩ በድንገት ቢያሽቆለቁል፣ ሰዓቱ ይከተል የነበረው እግሩን እንደነበር ያሳያል፤ የልብ ምት ከእንቅስቃሴ በኋላ የሚወርደው ቀስ እያለ ነውና።

ምቱ ሲዛባ

አሁን ወደ ጽሑፉ መነሻ ልመለስ። በኤትሪያል ፊብሪሌሽን ጊዜ በሁለት ምቶች መካከል ያለው ጊዜ አንዴ ይረዝማል፣ አንዴ ያጥራል። ጊዜው ባጠረ ቁጥር ግራው ቬንትሪክል ደም ሳይሞላ ይኮማተራል፤ የሚረጨው ደምም ትንሽ ይሆናል። አንዳንዱ መኮማተር የአኦርታን ቫልቭ ለመክፈት እንኳ አቅም ያጣል። ማዳመጫው ያንን ምት ይሰማዋል፤ ኢ.ሲ.ጂ.ውም ይመዘግበዋል፤ በእጅ አንጓ ላይ ግን ሞገዱ አይደርስም፣ ቢደርስም ደካማ ነው። በልብ ጫፍ በተቆጠረውና በአንጓ በተቆጠረው መካከል የሚታየውን ይህን የትርታ ጉድለት በተማሪነት ዘመናችን ሁላችንም ተምረነዋል፤ አንዱ ተማሪ በማዳመጫ፣ ሌላው በጣቱ፣ በአንድ የግድግዳ ሰዓት እየተመሩ አንድ ሙሉ ደቂቃ መቁጠር ልማድ ነበር። የብርሃን ሴንሰር ያለው ሰዓት በአንጓ ላይ ከተቀመጠ ጣት የተለየ ነገር አያውቅም። እንዲያውም ጣት የሚሰማትን ደካማ ሞገድ ቀመሩ «ረብሻ ነው» ብሎ ሊጥለው ስለሚችል ጉድለቱ ይብሳል። ምቱ በፈጠነ መጠንም ስሕተቱ እየሰፋ ይሄዳል። ይኸውም ቁጥሩ በጣም በሚያስፈልገን ሰዓት ከእውነቱ ይርቃል ማለት ነው።

የማይትራል ቫልቩ ለጠበበ ሰው ይህ ስሕተት የወረቀት ስሕተት ሆኖ አይቀርም። ደም በጠበበው ቫልቭ አልፎ ወደ ግራው ቬንትሪክል የሚወርደው በልብ ዕረፍት ጊዜ ነው፤ ምት ሲፈጥን ከሁሉ በፊት የሚያጥረው ይኸው የዕረፍት ጊዜ ነው። ያልወረደው ደም በግራው ኤትሪየም ይጠራቀማል፤ ግፊቱ ወደ ሳንባ ይመለሳል፤ ሕመምተኛዋ ትንፋሽ ያጥራታል፣ ሳንባዋም ውኃ ሊቋጥር ይችላል። በደቂቃ 126 ለሚመታ ልብ የሚሰጠው መልስ የቤታ ብሎከር ወይም የዲጎክሲን መጠንን መፈተሽና ምቱን ያፈጠነውን ምክንያት፣ ማለትም መድኃኒት ማቋረጥን፣ ኢንፌክሽንን፣ የደም ማነስን፣ የታይሮይድ መዛባትን፣ እርግዝናን መፈለግ ነው። 84 ተብሎ ለተጻፈ ምት ግን ማንም ባለሙያ «በዚሁ ቀጥይ» ብሎ የሚቀጥለውን ቀጠሮ ይጽፋል። በእርግዝና ጊዜ የደሙ መጠንና የልብ ምት በተፈጥሮ ስለሚጨምር፣ የጠበበ ቫልቭ ያላት ነፍሰ ጡር ላይ ይህ ስሕተት ቢፈጸም የሚያስከትለው ጉዳት ከዚህም የከፋ ነው። ሩማቲክ የልብ ሕመም ዛሬም ወጣቶቻችንን በሚያጠቃበት አገር ይህ በጥቂት ሰው ላይ ብቻ የሚደርስ አጋጣሚ አይደለም።

ተቃራኒው ስጋትም ይታያል። ከእያንዳንዱ መደበኛ ምት ቀጥሎ ያለጊዜው የሚመጣ የቬንትሪክል ምት ያለበት ሰው፣ በኢ.ሲ.ጂ. 80 ሆኖ ሳለ ሰዓቱ 40 ብሎ ያስደነግጠዋል፤ ያለጊዜው የመጣው ምት አንጓ ድረስ የሚደርስ ሞገድ አይፈጥርምና። ሕመምተኛው «ልቤ ሊቆም ነው» ብሎ በሌሊት ወደ ድንገተኛ ክፍል ይመጣል። ባለሙያውም ቁጥሩን አምኖ ቤታ ብሎከሩን ቢያቋርጥ ሕመምተኛውን ይጎዳዋል። በሌላ በኩል፣ 40 የሚለው ቁጥር በእውነተኛ የልብ ኤሌክትሪክ መቋረጥ ምክንያት የመጣም ሊሆን ስለሚችል በችኮላ ማጣጣል አይገባም። ሁለቱን የሚለየው ኢ.ሲ.ጂ. ብቻ ነው።

በሾክ ላይ ያለ፣ ብዙ ደም የፈሰሰው ወይም ሰውነቱ የቀዘቀዘ ሰው የቆዳ ሥሮቹ ስለሚጠብቡ ሰዓቱ ወይ ምንም አያነብም ወይ የተሳሳተ ቁጥር ያወጣል። እንዲህ ላለው ሕመምተኛ ሰዓቱን አውልቆ ማስቀመጥ ይሻላል።

የቆዳ ቀለም ለውጥ ያመጣልን?

ይህ ጥያቄ ለእኛ አንባቢዎች ቀዳሚ ቢሆንም የተጠናው ዘግይቶ ነው። ሜላኒን ብርሃንን ይመጥጣል፤ አረንጓዴውን ደግሞ ከቀዩ አብልጦ። ስለዚህ ቆዳው ጠቆር ባለ ሰው ላይ ተመልሶ የሚመጣው ብርሃን ያንሳል። ውጤቱ ግን አንድ ዓይነት ሆኖ አልተገኘም። ከላይ የተጠቀሰው የስታንፎርድ ጥናት ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ ስሕተቱ ከፍ ብሎ አግኝቶታል። በአሜሪካ ዱክ ዩኒቨርሲቲ የተደረገውና እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመው፣ 53 ሰዎችን በየቆዳ ቀለማቸው መድቦ የመረመረው ጥናት ደግሞ በቀለም ምክንያት የመጣ ጉልህ ልዩነት አላገኘም፤ ያገኘው በመሣሪያዎቹ መካከልና በዕረፍትና በእንቅስቃሴ መካከል ያለውን ልዩነት ነው። በእንቅስቃሴ ጊዜ ስሕተቱ በአማካይ በ30 በመቶ ከፍ ብሏል።

ምክንያቱን መረዳት አይከብድም። ሜላኒን የሚመጥጠው ብርሃን በምትና በምት መካከል አይለዋወጥም፤ የሞገዱን ቁመት ያሳጥረዋል እንጂ በሞገዶቹ መካከል ያለውን ጊዜ አይለውጥም። ለልብ ምት የሚያስፈልገው ደግሞ ጊዜው ነው። ሰውየው ሲያርፍ ያጠረው ሞገድ ለመቆጠር ይበቃል፤ ሲንቀሳቀስ ግን በረብሻው ሊዋጥ ይችላል። የደም ኦክስጅን ልኬት ግን የሁለት ብርሃኖችን ቁመት በማወዳደር የሚሠራ ስለሆነ ሌላ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2020 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን የታተመው ጥናት፣ በጣት መለኪያ ከ92 እስከ 96 በመቶ ኦክስጅን ከተነበበላቸው ጥቁር ሕሙማን ልኬቶች ውስጥ 11.7 በመቶ በሚሆኑት በደም ቅዳ ናሙና የተገኘው መጠን ከ88 በመቶ በታች ነበር፤ በነጮቹ ዘንድ ይህ 3.6 በመቶ ነው። ይህ በሆስፒታል መሣሪያ የሆነ ነው። በአንጓ ላይ ሆኖ ከቆዳ ተንጸባርቆ የሚመጣን ብርሃን የሚያነበው ሰዓት የሚያወጣው የኦክስጅን ቁጥር፣ በተለይ እንደ አዲስ አበባ ባለ ከፍታ ላይ፣ ለሕክምና ውሳኔ መነሻ ሊሆን አይገባውም። የደም ስኳርን ያለ መርፌ እለካለሁ የሚሉትን ሰዓቶችና ቀለበቶች በሚመለከት የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በየካቲት 2024 ባወጣው ማስጠንቀቂያ፣ እንዲህ ላለ አገልግሎት ፈቃድ የሰጠው አንድም መሣሪያ እንደሌለ አስታውቋል። በኢንሱሊን ለሚኖሩ ሕሙማን ይህ በግልጽ ሊነገራቸው ይገባል።

«ያልተስተካከለ ምት ታይቷል» የሚለው ማስጠንቀቂያ

ከልብ ምት ቁጥር ባሻገር አንዳንድ ሰዓቶች የምቱን አለመስተካከል አይተው ለባለቤቱ መልእክት ይልካሉ። በዚህ ረገድ የተገኘው ማስረጃ ከሚጠበቀው በላይ ጠንካራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ውጤቱ የታተመው የአፕል ጥናት 419,297 ሰዎችን አሳትፏል። መልእክቱ የደረሳቸው 2,161 ሰዎች፣ ማለትም 0.52 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከእነዚህ ውስጥ በፖስታ የተላከላቸውን በደረት ላይ የሚለጠፍ ኢ.ሲ.ጂ. ተጠቅመው ሊነበብ የሚችል ውጤት የመለሱት 450 ሲሆኑ፣ በ34 በመቶዎቹ ላይ ኤትሪያል ፊብሪሌሽን ተገኝቷል። ሕመሙ የሚመጣና የሚሄድ በመሆኑ ይህ ቁጥር ቢያንስ አያስገርምም፤ መልእክቱና ኢ.ሲ.ጂ.ው በአንድ ጊዜ በተገጣጠሙበት ሁኔታ ማስጠንቀቂያው ትክክል ሆኖ የተገኘው 84 በመቶ ጊዜ ነው። በ2022 የታተመውና 455,699 ሰዎችን ያሳተፈው የፊትቢት ጥናት ደግሞ ይህን 98.2 በመቶ አድርሶታል። ሕመምተኛ እንዲህ ያለ መልእክት ይዞ ከመጣ በቁም ነገር ተይዞ ባለ 12 ሊድ ኢ.ሲ.ጂ. ሊነሣለት ይገባል።

የማስጠንቀቂያው ዝምታ ግን ሌላ ነገር ነው። እነዚህ ጥናቶች የተነደፉት ሰዓቱ ሲናገር ምን ያህል እውነት እንደሚናገር ለማወቅ እንጂ ዝም ሲል ምን ያህል እንዳመለጠው ለማወቅ አልነበረም። በተጨማሪም የአፕል ጥናት የተቀበለው ዕድሜያቸው 22 እና ከዚያ በላይ የሆኑትንና ቀደም ብሎ ኤትሪያል ፊብሪሌሽን እንዳለባቸው ያልታወቁትን ነው። የማስጠንቀቂያው አገልግሎት ራሱ ከ22 ዓመት በታች ለሆኑና ሕመሙ ቀድሞ ለታወቀባቸው አልታሰበም። እንግዲህ ይህን ከሩማቲክ የልብ ሕሙማኖቻችን ጋር እናስተያየው፦ ብዙዎቹ ከ22 ዓመት በታች ናቸው፤ ሌሎቹ ደግሞ የምት መዛባታቸው ቀድሞ ታውቆ በክትትል ላይ ያሉ ናቸው። ሁለቱም ወገኖች ሰዓቱ ዝም ስላላቸው የሚያገኙት ማረጋገጫ የለም።

በሰዓቱ አክሊል ላይ ጣት በማሳረፍ ለ30 ሴኮንድ የሚነሣው ኢ.ሲ.ጂ. ከብርሃን ሴንሰሩ የተለየ ነው፤ የልብን ኤሌክትሪክ በቀጥታ ይቀበላልና። አፕል ለዚህ አገልግሎት የአሜሪካን የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ፈቃድ ያገኘው እ.ኤ.አ. በመስከረም 2018 ነው። የሚሰጠው ግን ከሊድ 1 ጋር የሚመሳሰል አንድ መስመር ብቻ ስለሆነ ለደረት ሕመም ዋጋ የለውም። የመጀመሪያው የፕሮግራሙ ዓይነት ምቱ ከ50 በታች ወይም ከ120 በላይ ሲሆን ኤትሪያል ፊብሪሌሽንን ለይቶ አይናገርም ነበር፤ በኋላ የመጣው ወሰኑን ወደ 150 ከፍ አድርጎታል። ያም ሆኖ ሕመምተኛው የልብ መምታት በተሰማው ጊዜ ያነሣውን መስመር በስልኩ አስቀምጦ ቢያመጣ ባለሙያው ራሱ ሊያነበው ይችላል። በእኔ ግምት ሰዓቱ ለሕክምናችን ሊያበረክት የሚችለው ትልቁ ጥቅም ይህ ነው፤ በየገጠሩ የሚመጣና የሚሄድ ፈጣን ምት ያለበት ሰው ጤና ጣቢያ እስኪደርስ ምቱ ይተወዋልና።

በምርመራ ክፍል ውስጥ

ሰዓት ይዞ ለሚመጣ ሕመምተኛ የሚሰጠው መልስ ከሁለት ደቂቃ የበለጠ ጊዜ አይወስድም። ሕመምተኛው አምስት ደቂቃ ተቀምጦ ካረፈ በኋላ ሰዓቱ ከአንጓው አጥንት በአንድ ጣት ስፋት ከፍ ብሎ፣ ሳይንሸራተትና ሳያስጨንቅ መታሰሩን አይቶ፣ በንቅሳት ላይ ከሆነም ወደ ሌላው እጅ አዛውሮ፣ የራዲያል ትርታውን አንድ ሙሉ ደቂቃ መቁጠርና ከሰዓቱ ጋር ማስተያየት ነው። አሥራ አምስት ሴኮንድ ቆጥሮ በአራት ማባዛት ለተዛባ ምት አይሠራም። ትርታው የተስተካከለና ሁለቱ ቁጥሮች የሚቀራረቡ ከሆነ ሕመምተኛው በቤቱ በዕረፍት ጊዜ የሚያየውን ቁጥር ለራሱ መከታተያ ቢያደርገው ጉዳት የለውም። ትርታው የተዛባ ከሆነ ግን ልቡ በማዳመጫ መቆጠር አለበት፤ የሰዓቱም ቁጥር ለመድኃኒት መጠን መወሰኛ ሊሆን አይችልም። የፋብሪካው ፕሮግራም በታደሰ ቁጥር ቀመሩ ሊለወጥ ስለሚችል፣ ባለፈው ዓመት የተስማማ ሰዓት ዘንድሮም ይስማማል ብሎ መደምደም አይቻልም።

በካርድ ላይ አጻጻፋችንም ቢስተካከል መልካም ነው። «የልብ ምት» በሚለው ቦታ ከሚጻፈው ቁጥር ጎን በማዳመጫ፣ በጣት ወይም በሰዓት መቆጠሩ ቢጠቀስ ቀጥሎ ካርዱን የሚከፍተው ባለሙያ አይሳሳትም።

ከላይ ያነሣኋት ሕመምተኛ ቤታ ብሎከሩን ባለማግኘቷ ምክንያት ለአሥር ቀናት ያህል አቋርጣው ነበር፤ ሰዓቱ ደህና ነሽ ስላላትም አላሳሰባትም። መድኃኒቱ ተመልሶ ከተጀመረላት በኋላ በሦስተኛው ሳምንት ስትመጣ በአንድ ትራስ መተኛት ጀምራለች። ያችው ሲስተር በማዳመጫ ስትቆጥር 88፣ ሰዓቱ ደግሞ 79 አለ። ሁለቱም ቁጥሮች ጎን ለጎን በካርዷ ላይ ተጽፈዋል።